ተዛማጅ የድጋፍ አገልግሎቶች ከክፍል ትምህርት ጋር እንዲጣመሩ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የድጋፍ ክፍል አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁም፤

አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል በሚያስተምር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የድጋፍ ክፍል አስተባባሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የንግግርና ቋንቋ ሕክምና፣ የፊዚዮቴራፒ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲሁም የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት በተወሰነ ደረጃ አለ። መዝገቡን ለሚያይ ሰው አገልግሎቱ በአግባቡ እየተሰጠ ነው፤ ባለሙያዎቹ በቀጠሯቸው ይመጣሉ፣ ተማሪዎቹም ስማቸው እየተጠራ ወደ ድጋፍ ክፍል ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ በተማሪዎቹ የዕለት ተዕለት ትምህርት ላይ የሚታየው ለውጥ ከሚወጣው ድካም ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

ሁለት ምሳሌዎች ላቅርብ። መናገር በጣም የሚቸግረው አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከንግግር ባለሙያዋ ጋር ሲሆን በሥዕል ሰሌዳ ላይ እየጠቆመ የሚፈልገውን ይጠይቃል፣ ያልተስማማበትን ይቃወማል፣ ቤት የዋለበትንም ይተርካል። ሰሌዳው ግን የሚቀመጠው በድጋፍ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጁ ወደ መደበኛ ክፍሉ ሲመለስ መምህሩ እንዲህ ያለ ሰሌዳ መኖሩን እንኳ ስለማያውቅ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውላል። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ ለፊዚዮቴራፒ የምትወጣው ሁልጊዜ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። እግሯ እየጠነከረ መሄዱ ያስደስታል፤ ነገር ግን በክፍልፋይ ቁጥሮች ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ይህ ደግሞ በእንቅስቃሴ ችግሯ ላይ የተጨመረ፣ እኛው የፈጠርንባት ችግር ነው።

የባለሙያዎች ቁጥር በቅርቡ ይጨምራል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ ባለን የሰው ኃይል አገልግሎቱ የክፍሉን ትምህርት እንዲደግፍ እንጂ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ብቻውን እንዳይጓዝ ለማድረግ ከየት መጀመር ይገባል? በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ መምህራንና ወላጆች የምታውቁትን ብታካፍሉን ለብዙዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ፦ የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ

የተከበሩ አስተባባሪ፣ ያነሱት ጉዳይ እኛ ባለሙያዎች በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ነው። አብዛኞቻችን የሠለጠንነው በክሊኒክ ውስጥ በመሆኑ፣ ትምህርት ቤት ስንገባም ክሊኒኩን ይዘን እንገባለን፤ በር ዘግተን ከአንድ ልጅ ጋር እንሠራለን፣ ውጤቱን መዝግበን እንወጣለን። በክሊኒክ ውስጥ የሚለካው የልጁ እክል ምን ያህል እንደተሻሻለ ነው። በትምህርት ቤት ግን መለካት ያለበት ልጁ በትምህርቱ ውስጥ ዛሬ ምን ማድረግ እንደቻለ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ካልያዝን አገልግሎቱን ብናበዛውም የሚታይ ለውጥ አናመጣም።

ስለዚህ ከየት ይጀመር ለሚለው የእኔ መልስ ከግቡ ነው የሚል ነው። በተማሪው የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ «የ‹ሰ›ን ድምፅ አስተካክሎ ይጠራል» የሚል ግብ ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ መምህሩ በዚያ ግብ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። ግቡ «በሳይንስ ትምህርት ወቅት መምህሩ ለሚያቀርበው ጥያቄ ሰሌዳውን ተጠቅሞ መልስ ይሰጣል፣ ያልገባውንም ይጠይቃል» ተብሎ ሲጻፍ ግን መምህሩም፣ ባለሙያዋም፣ ረዳቱም የሚሠሩበት የጋራ ጉዳይ ይሆናል። ግቡን መምህሩና ባለሙያዋ አብረው ተቀምጠው መጻፍ አለባቸው። አንዱ ጽፎ ሌላው እንዲፈርምበት የሚላክ ዕቅድ ከፋይል ሣጥን አያልፍም።

የሥዕል ሰሌዳውን በተመለከተ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልግለጽ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚደጋገም ነው። ሰሌዳው የልጁ አፍ ነው፤ ከልጁ ተለይቶ መሳቢያ ውስጥ ማደር የለበትም። በጠረጴዛው ላይ አንድ፣ በቦርሳው አንድ፣ በቤቱም አንድ ቅጂ ቢኖር መልካም ነው፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ከሆነ ወጪው ቀላል ነው። ቀጥሎም ልጁ ሰሌዳውን መጠቀም የሚማረው ሌሎች ሲጠቀሙበት በማየት ነው። መምህሩ «አሁን መጽሐፉን እንከፍታለን» ሲል «መጽሐፍ» እና «ክፈት» የሚሉትን ሥዕሎች በጣቱ እየነካ ቢናገር ልጁ ቋንቋውን እየሰማም እያየም ይማራል። ማንም ሲጠቀምበት ያላየውን መሣሪያ ልጁ ብቻውን እንዲጠቀምበት መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

የሰሌዳው ይዘትም ይታሰብበት። ብዙ ሰሌዳዎች የሚሞሉት በምግብ፣ በውኃና በመጸዳጃ ቤት ሥዕሎች ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በእነሱ ብቻ የተሞላ ሰሌዳ ልጁን ለምኖ ተቀባይ ያደርገዋል እንጂ ተማሪ አያደርገውም። «ለምን»፣ «አልገባኝም»፣ «እንደገና»፣ «አቁም»፣ «የእኔ ተራ»፣ «አልስማማም» የሚሉት ቃላት በየትኛውም ትምህርት ውስጥ ይሠራሉ። መምህሩ የሚቀጥለውን ሳምንት ዋና ዋና ቃላት አስቀድሞ ለባለሙያዋ ቢሰጥ ደግሞ «ተን»፣ «ሥር»፣ «ድምር» የመሳሰሉት በጊዜው በሰሌዳው ላይ ይጨመራሉ። ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅም የድጋፉ አካል ነው፤ በሰሌዳ የሚመልስ ልጅ ሥዕሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ስለሚያስፈልገው፣ መምህሩ ቢያንስ በልቡ እስከ አሥር ሳይቆጥር ወደ ሌላ ተማሪ ባይሻገር እመክራለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አገልግሎቱን ወደ ክፍል ማስገባት ማለት ባለሙያዋ በክፍሉ የኋላ ጥግ ተቀምጣ ከልጁ ጋር በሹክሹክታ የራሷን ልምምድ መሥራት ማለት አይደለም። ይህ የድጋፍ ክፍሉን ወደ ጥጉ ማዛወር ብቻ ነው፤ ልጁንም ከጓደኞቹ የባሰ ይለየዋል። ባለሙያዋ በቡድን ሥራው ውስጥ ገብታ መላውን ቡድን ብትረዳ ግን ልጁ ከእኩዮቹ ጋር የሚነጋገርበትን ዕድል ትፈጥርለታለች።

ምላሽ፦ የአንዲት ተማሪ እናት

እኔ የምናገረው እንደ ወላጅ ነው። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፤ አእምሮዋ ንቁ ነው፣ ጡንቻዎቿ ግን አይታዘዟትም። ለረጅም ጊዜ በክፍል ውስጥ ቶሎ እንደምትደክምና እንደማትከታተል ይነገረኝ ነበር። ለውጥ የመጣው ፊዚዮቴራፒስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ድረስ ገብቶ አቀማመጧን ሲያይ ነው። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለነበር እግሮቿ መሬት አይነኩም ነበር፤ ስለዚህ ያላትን ጉልበት በሙሉ የምታውለው ላለመውደቅ ነው። ከእግሯ ሥር የእንጨት መርገጫ ተደረገላት፣ ዳሌዋና ጉልበቷ በትክክል ታጥፈው እንድትቀመጥ ተስተካከለላት፣ ጠረጴዛዋም በክርኗ ልክ ዝቅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እጇ ለመጻፍ ነፃ ሆነ። ይህ ሁሉ የተሠራው በትምህርት ቤቱ አናጺ ነው፤ የባለሙያው ድርሻ መመልከትና መለካት ነበር። መቆሚያ ድጋፏንም አሁን የምትጠቀመው በንባብ ክፍለ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር እያነበበች ስለሆነ፣ ለልምምድ ተብሎ የሚያመልጣት ትምህርት የለም። ስለ ሒሳብ ያነሱት ተማሪም በዚህ መንገድ የምትረዳ ይመስለኛል።

ሌላው ማንም በአገልግሎትነት የማይቆጥረው ጉዳይ የመጸዳጃ ቤት ነው። የሚረዳት ሰው ስላልተመደበ ልጄ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ውኃ መጠጣት ትፈራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማት ነበር። መምህራኑ ትኩረት ማጣት ያሉት ነገር በከፊል የጥማት ውጤት ነው። እባካችሁ ማን እንደሚረዳ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ያ ሰው በማይኖርበት ቀን ማን እንደሚተካው በጽሑፍ ይወሰን። ረዳቷ ሴት ትሁን፣ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን፣ ልጅቷም በማን መረዳት እንደምትፈልግ ትጠየቅ። ልጆቻችን በሰውነታቸው ጉዳይ ሳይጠየቁ የሚነኩ መሆናቸውን ከለመዱት፣ ማንም ሊነካቸው እንደሚችል እየተማሩ ያድጋሉ፤ ይህ እጅግ ያሳስበኛል።

ምላሽ፦ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች መምህር

ከላይ የተሰጡትን ሐሳቦች እየተጋራሁ፣ በመስማት በኩል ያለውን ልናገር።

የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ያደረገ ተማሪ ስላየን ብቻ ተማሪው ይሰማል ብለን መደምደም የለብንም። ባትሪው ያለቀ፣ ቱቦው በጆሮ ኩክ የተደፈነ ወይም ድምፁ የተቆራረጠ መሣሪያ ጆሮን ከመድፈን የተለየ ጥቅም የለውም፤ ትናንሽ ልጆች ደግሞ ይህን አይናገሩም፣ አንዳንዶቹ ሳይሰሙ ቀናት ያልፋሉ። በየማለዳው ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚፈጅ ፍተሻ አለ። መምህሩ ወይም ረዳቱ አፉን በወረቀት ሸፍኖ «ም»፣ «ኡ»፣ «ኣ»፣ «ኢ»፣ «ሽ» እና «ስ» የሚሉትን ድምፆች ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየረ ያሰማል፤ ተማሪው የሰማውን ይደግማል ወይም እጁን ያነሣል። እነዚህ የሊንግ ስድስት ድምፆች የሚባሉት ናቸው፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የንግግር ድምፅ ክልል ስለሚሸፍኑ፣ ልጁ «ስ»ን ትናንት ሰምቶ ዛሬ ካልሰማ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ፍተሻውን ማንኛውም ሰው ሊማረው ይችላል፤ የመለዋወጫ ባትሪም በክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ክፍሉ ጫጫታ የሚበዛበት ከሆነ መሣሪያው ጫጫታውንም አብሮ ስለሚያጎላ፣ መስኮቱን መዝጋት፣ የወንበር እግሮችን ጨርቅ ማልበስና ተማሪውን ከመምህሩ ፊት ማስቀመጥ ቀላል የማይባል ልዩነት ያመጣል።

በምልክት ቋንቋ ለሚማሩት ደግሞ መዘንጋት የሌለበት ነገር ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ማየት የማይችል መሆኑ ነው። ሌሎች ተማሪዎች እየሰሙ ይጽፋሉ፤ መስማት የተሳነው ተማሪ ግን ወደ ደብተሩ ባጎነበሰ ቁጥር አስተርጓሚው የሚለው ያመልጠዋል። ስለዚህ መምህሩ ሥዕላዊ መግለጫ ካሳየ በኋላ ተማሪው አይቶ እስኪጨርስ ድረስ ንግግሩን ያቁም፤ ማስታወሻውም በጽሑፍ አስቀድሞ ይሰጠው። ቪዲዮ ለማሳየት መብራት ሲጠፋ አስተርጓሚው እንደማይታይ የሚያስታውስ መምህር ጥቂት ነው። አስተርጓሚውም ቢሆን ያለ ዕረፍት ቀኑን ሙሉ መተርጎም አይችልም፤ የሙያው ልማድ በረጅም ትርጉም ላይ ሁለት ሰዎች በየሃያ ወይም በየሠላሳ ደቂቃው እንዲፈራረቁ ነው። ሁለት ሰው ማግኘት ካልተቻለ ቢያንስ በትምህርቶቹ መካከል ዕረፍት ይኑር፣ የትምህርቱ ርዕስና አዳዲስ ቃላትም በዋዜማው ይድረሱት፤ ለማያውቀው ሳይንሳዊ ቃል በቅጽበት ምልክት መፍጠር የለበትም።

እንዲሁም መምህሩ «እንዲህ በለው» ብሎ ለአስተርጓሚው መናገሩን ትቶ ተማሪውን ፊት ለፊት እያየ ያናግረው። አስተርጓሚው የተማሪው ሞግዚት ወይም ሁለተኛ መምህር አይደለም።

ምላሽ፦ የብሬልና የመንቀሳቀስ ክህሎት መምህር

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ውይይቱ ተማሪን ከክፍል ማውጣት ሁሉ ስሕተት ነው ወደሚል እንዳያዘነብል እሰጋለሁ። ብሬል ማንበብ የሚጀምር ልጅ ስድስቱን ነጥቦች በጣቱ ለይቶ እስኪለማመድ ድረስ ጸጥታና የብቻ ጊዜ ያስፈልገዋል። በነጭ በትር መሄድም እውነተኛ መወጣጫ ደረጃ ላይ፣ እውነተኛ መንገድ ላይ የሚለመድ ነው እንጂ በወንበሮች መካከል ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም። እነዚህ ራሳቸው ትምህርት ናቸው፤ ማየት ለሚችለው ልጅ እስክሪብቶ መያዝ እንደሚሠለጠን ማለት ነው። መጠንቀቅ ያለብን የሚወጣበት ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትምህርት ላይ እንዳይወድቅ፣ ከጨዋታና ከእረፍት ሰዓቱም እንዳይወሰድ ነው።

የእኛን ሥራ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የጽሑፍ መዘግየት ነው። መምህሩ የመልመጃ ወረቀቱን በዕለቱ ጠዋት ሲሰጠኝ፣ ብሬሉ ተዘጋጅቶ የሚደርሰው ክፍሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ካለፈ በኋላ ነው። ከሳምንት በፊት በኮምፒውተር ፋይል ቢላክልኝ ተማሪው ወረቀቱን ከጓደኞቹ ጋር እኩል ይዞ ይቀመጣል። በተጨማሪም መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ «ይህን ከዚያ ስንቀንስ» ማለቱን ትቶ «ከሠላሳ አምስት ላይ አሥራ ሁለት ስንቀንስ» ቢል፣ ምንም ተጨማሪ ባለሙያ ሳያስፈልግ ትምህርቱ ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ይደርሰዋል።

በድጋሚ፦ የድጋፍ ክፍል አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰሌዳው ቅጂዎችና የማለዳው የመስሚያ ፍተሻ በቀጥታ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። ሁለት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። የመጀመሪያው፣ የመጸዳጃ ቤት እገዛን፣ በተለይም በካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሽንት ማስወጣት የሚያስፈልገውን ተማሪ ጉዳይ ሳነሳ «ይህ የጤና ተቋም ሥራ ነው፣ የትምህርት ቤት አይደለም» የሚል ምላሽ ይሰጠኛል። ሁለተኛው፣ መምህራንና ባለሙያዎች ተገናኝተው የሚነጋገሩበት ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ የለም። በእነዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?

ምላሽ፦ የትምህርት አስተዳደር ባለሙያ

በመጀመሪያው ላይ፦ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ አካል ጉዳተኞች በመደበኛው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለትምህርታቸው ውጤታማነት የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ ማግኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለግለሰቡ የሚያስፈልገውንና ከአቅም በላይ ያልሆነውን ማስተካከያ፣ መከልከል ራሱ አድልዎ መሆኑን ይገልጻል። ይህ ስምምነቱን ባጸደቀ አገር ሁሉ መከራከሪያ ይሆናል።

የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ በፍርድ ቤት ተነሥቶ የሚያውቅ ነው። «ተዛማጅ አገልግሎቶች» የሚለው አነጋገር በሕግ ውስጥ በስፋት የታወቀው በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀረበው ጉዳይ በየሦስትና አራት ሰዓቱ በካቴተር ሽንቷ መውጣት ስላለበት የአከርካሪ ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው፣ አከርካሪ አጥንት ሳይገጥም የሚወለዱበት እክል) ያለባት ልጅ ነበር። ፍርድ ቤቱ የወሰነው ይህ እገዛ ሐኪም የማይጠይቅ፣ ነርስ ወይም የሠለጠነ ሰው ሊሰጠው የሚችል ከመሆኑም በላይ ያለ እሱ ልጅቷ ትምህርት ቤት ውላ መማር ስለማትችል፣ አገልግሎቱን የማቅረብ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው በማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999ም በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያስፈልገውን የነርስ ክትትል በተመለከተ ተመሳሳይ ውሳኔ ተሰጥቷል። ውሳኔዎቹ በሌላ አገር አስገዳጅ ባይሆኑም የተመሠረቱበት ምክንያት ግን በየትኛውም ስብሰባ ላይ ሊቀርብ የሚችል ነው፤ መጠየቅ ያለበት ሥራው ሕክምና ይመስላል ወይ ሳይሆን፣ ያለ እሱ ተማሪው ክፍል ውስጥ ሊቆይ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለርእሰ መምህሩ ጥያቄውን በዚህ መልክ ቢያቀርቡት፣ ከጥያቄውም ጋር ማን እንደሚሠለጥን፣ ሥልጠናውን የትኛው ጤና ባለሙያ እንደሚሰጥ፣ ተተኪው ማን እንደሆነና ንጽሕናው እንዴት እንደሚጠበቅ የሚገልጽ አንድ ገጽ ረቂቅ አያይዘው ቢሄዱ እምቢ ማለት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ እምቢታው የሚመጣው ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ካለማወቅ ፍርሃት ነው።

በሁለተኛው ላይ፦ የመገናኛ ጊዜው የማይገኘው የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ከወጣ በኋላ ስለሚፈለግ ነው። የዓመቱ ሠንጠረዥ ከመዘጋጀቱ በፊት የባለሙያዎቹ ቀናትና የጋራ መነጋገሪያው ሰዓት ይግቡ፤ ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይደልደል። ባለሙያው ከመምህሩ ጋር የሚመክርበት ሰዓትም እንደ አገልግሎት ሰዓት ይመዝገብለት። የሥራ ሪፖርቱ የሚቆጥረው ከልጅ ጋር የተቀመጠበትን ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ማንኛውም ባለሙያ ለመምህሩ ጊዜ የሚሰጠው ከራሱ ላይ ቆርሶ ነው፤ ያ ደግሞ አይዘልቅም። ለእያንዳንዱ ተማሪ እንዴት እንደሚግባባ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ምን መሣሪያ እንደሚጠቀምና ምን እንደሚያስጨንቀው የሚገልጽ አጭር ወረቀት ተዘጋጅቶ ለመምህራኑ በሙሉ፣ ተተክቶ ለሚገባውም ጭምር ቢሰጥ፣ የመገናኛው ጊዜ አጭር ቢሆንም ሥራ ይሠራበታል።

ምላሽ፦ የአንዲት ተማሪ እናት

ስለዚያ ወረቀት አንድ ነገር እለምናለሁ። በግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ በክፍሉ ጠረጴዛ ላይም ክፍት ሆኖ አይተው፤ የልጆቹ ጓደኞች ማንበብ የሌለባቸው ነገር አለበት። ሲዘጋጅም ልጁ በሚችለው መንገድ፣ በቃልም ይሁን በሥዕል ሰሌዳው፣ «ስለ አንተ መምህሮችህ ምን እንዲያውቁ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ልጄ ስትጠየቅ ያስጻፈችው አንደኛው ነገር መልስ ለመስጠት እጇን ማንሣት ስለሚቸግራት ቀይ ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ ስታደርግ መምህሯ እንዲያያት ነው። ይህን እኔም ሆንኩ ባለሙያዎቹ አላሰብነውም ነበር።